ቀይ ጨርቅ የተሰቀለበት በር

ጋሪው ድልድዩን ሲሻገር ነገረ ፈጁ ባርኔጣውን በአንድ እጁ ጨብጦ፣ በሌላው የጋሪውን ጠርዝ ይዞ፣ «እንደገና!» አለ። «አሥር አለቃ፣ እንደገና ከመጀመሪያው። እኔ መርማሪ ዳኛው ነኝ። ፊቴን አይዩ፤ የኔ ፊት ለዳኝነት አይሆንም። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የት ነበሩ?»

«ፎቶ ቤቱ ውስጥ። እንግዳ መቀበያው ጋ፣ ወንበሬ ላይ።»

«ከጨለማው ክፍል በር ምን ያህል ይርቃል?»

«ቅርብ ነው።»

«ቅርብ ነው አይበሉ! ከጠየቁዎት ብቻ፣ እዚያው ቤት ውስጥ ነው ይበሉ። እሺ፣ ምን ሰሙ?»

አሥር አለቃው የፈረሱን ጀርባ አየ። ላብ ያጠቆረውን የመታጠቂያውን ጠፍር አየ። ከዚያ፣ «ምንም» አለ።

«ምንም ብቻ? ሰው ምንም አልሰማሁም ብሎ ዝም ሲል ውሸታም ይመስላል። ጆሮዎስ?»

«ጆሮዬን መድፍ ወሰደው። በደንብ አልሰማም።»

«እንዲያ ነው!» ነገረ ፈጁ ደስ ብሎት ጉልበቱን መታ። «ጆሮዬን መድፍ ወሰደው። ዳኛም እኮ አንጀት አለው። አሁን ሜዳሊያዎቹን ቀና ያድርጓቸው፤ አንዱ ዞሯል።»

ባለጋሪው ዞር ብሎ አላያቸውም። ሌላ ቀን ቢሆን ከፎቶ ቤቱ ሰፈር እስከ ፍርድ ቤቱ ድረስ አፉ አይዘጋም ነበር፤ የፈረሱን ስንፍና፣ የሚስቱን ንፉግነት፣ የከንቲባውን አዲስ ጫማ ሳይቀር እያነሣ ተሳፋሪውን በሳቅ ይገድላል። ዛሬ ግን እንደ ተቀጣ ተማሪ ጀርባውን አቅንቶ ተቀምጧል። አሥር አለቃው ይህ ዝምታ ምን እንደሆነ ገብቶታል። ነገሩ ከተማው ሁሉ ጆሮ ደርሷል ማለት ነው።

ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ልጁ ነው። ባለፎቶው። ጠዋት ተላጭቶ፣ ታጥቦ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ጣቶቹ ላይ ያለው የፎቶ መድኃኒት ጥቁረት ግን በሳሙና የሚለቅ አይደለምና እጆቹን ጉልበቶቹ መሀል ደብቋቸዋል። ጉዞ ሲጀምሩ ነገረ ፈጁ የሰጠው ትእዛዝ አንድ ብቻ ነበር፤ «አንተ ዛሬ ዲዳ ነህ።» እሱም ዲዳ ሆኖ ውሏል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጋሪው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲንገጫገጭ፣ ጎንበስ ብሎ የተፈታውን የአባቱን የካፖርት ቁልፍ ቆለፈለት።

«አመሰግናለሁ» አለ አባትየው።

ወዲያው ደግሞ አፈረ። ይህ ልጅ በስንት ዓመቱ ነው ዛሬ ቁልፍ የሚቆልፍለት! ትናንት ማታ ሾርባውን አቀረበለት፤ ዛሬ ጠዋት ጫማውን ጠረገለት፤ «አባዬ፣ በረደህ እንዴ?» አለው። ከሳምንት በፊት እኮ በደንበኛ ፊት «አንተ ሽማግሌ፣ ከመንገድ ላይ ዞር በል» ይለው ነበር። ሽማግሌው ፍቅር ቢጠማውም ሞኝ አይደለም። የሚቆለፈው ቁልፍ ለማን እንደሆነ ያውቃል።

ነገሩ ይህ ነው። ፎቶ ቤቱ ውስጥ ፎቶግራፍ የምታቀልም አንዲት ወጣት ሴት ነበረች። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ሁሉ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ጉንጬ ይቅላልኝ፣ ቀሚሴ ሰማያዊ ይሁንልኝ የሚል ሰው ሥዕሉን ለእሷ ይተዋል። እሷም መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ ከእንጨት ጫፍ ላይ በተጠቀለለች ጥጥና በቀጭን ብሩሽ ሕይወት ትዘራበታለች። ጦርነቱ ገና ማለፉ ነው፤ ከሞት የተረፈው ሁሉ መልኩን ለማስቀረት ሲጋፋ ሥራው እስከ አንገቷ ደርሶ ነበር። ይህች ሴት ባለፈው ሳምንት ከአክስቷ ጋር ፖሊስ ጣቢያ ቀርባ፣ ባለፎቶው ጨለማው ክፍል ውስጥ አስገድዶ ደፈረኝ አለች። ባለፎቶው ተጠርቶ «ሐሰት ነው» አለ፤ ዋስ አቅርቦ ወጣ።

ክስ ገና አልተጻፈም። መርማሪ ዳኛው የሚቀረው የአንድ ሰው ቃል ነው፤ ከበሩ ውጭ ተቀምጦ የነበረው የአባትየው ቃል። ያንን ሰምቶ ወይ መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ ይልከዋል፣ ወይ ይዘጋዋል። በጊዜው እንዲህ ያለ ነገር የሰማ ወይም ያየ ሦስተኛ ሰው ከሌለው ከመርማሪው ጠረጴዛ አያልፍም ነበር። ካለፈ ደግሞ መጨረሻው ረጅም እስር ነው፤ ፎቶ ቤቱ ይዘጋል፣ ምራቱና ሁለቱ የልጅ ልጆቹ የሚገቡበት የለም።

ነገረ ፈጁ የታወቀው በዚሁ ነበር። አጭር ነው፣ ወፍራም ነው፣ ሲስቅ ትከሻው ብቻ ይነቃነቃል። ችሎት ላይ ቆሞ መጮኽ አይወድም። «ክስ ከተጻፈ በኋላ ማንም ጉሮሮ ያለው ይከራከራል» ይላል፤ «የኔ ሥራ ክሱ እንዳይጻፍ ነው።» ባለፎቶውን አንድ ቀን እንኳ «አድርገኸዋል ወይ?» ብሎ አልጠየቀውም። ባለፎቶው በራሱ ፈቃድ ሊነግረው ሲጀምር እጁን አንሥቶ አስቁሞታል። የአሥር አለቃውንም ጆሮ አልመረመረም። ጋሪው ላይ ዝቅ ባለ ድምፅ ሲጠይቀው ሽማግሌው አንድም ቃል ሳያመልጠው እንደሚመልስ ልብ አላለም ማለት ግን ዘበት ነው።

«ደህና ጆሮ ያለው ሰው አልሰማሁም ቢል፣ እንዴት አልሰማህም ተብሎ ይፋጠጣል» አለ አሁንም፣ መሀረቡን አውጥቶ አንገቱን እየጠረገ። «ደንቆሮን የሚያፋጥጥ ዳኛ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። ማንንም ውሸታም አላልንም። ልጅቷንም አልሰደብናት። አልሰማሁም፣ በቃ፣ ወደ ቤት።»

«ልጅቷን አትሰድባትም አይደል?» አለ አሥር አለቃው።

«እኔ? እኔ ሰው አልሰድብም፤ እግዚአብሔር ያሳይዎት።»

ሰው አልተሰደበም። ሽማግሌው በዚህ ሊጽናና ሞከረና አልሆነለትም።

እውነቱን ለመናገር ከአሥር አለቃው ጆሮ የሞተው ግማሹ ብቻ ነው። በጦርነቱ የሻለቃው ጥሩምባ ነፊ ነበር። መድፍ አጠገቡ ፈንድቶ የግራ ጆሮውን ዘጋው፤ ቀኙ ግን ጎረቤት ቤት የሚንሾካሾኩትን ሳይቀር ይለቅማል። ይህን ከቤተሰቡ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ደንቆሮነት ለፎቶ ቤት በር ጠባቂ የሚመች ነገር ሆኖ አግኝቶት ነበርና። ዋጋ ቀንሱልን የሚል ደንበኛ ሲመጣ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። «ዓይኔ ተጨፍኖ ወጣ እኮ!» ብሎ ለሚቆጣ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄም ደህና ነው» ይለዋል። ሰፈሩ «አሥር አለቃ ጥሩምባ» የሚል ስም አውጥቶለት፣ ባገኘው ቁጥር እየጮኸ ሰላም ይለዋል፤ እሱም በልቡ ይስቃል። ሁሉም ቀልድ ነበር። ቀልዱ አንድ ቀን የሐሰት ምስክርነት ይሆናል ብሎ ማን አሰበ?

ቀዩ ጨርቅ ግን ቀልድ አልነበረም። ባለፎቶው ፎቶ የተነሣባቸውን መስታወቶች ሊያጥብ ጨለማው ክፍል ሲገባ በሩ እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰቅላል። ጨርቁ ካለ በሩ አይከፈትም፤ የክር ያህል ብርሃን ከገባ የቀኑ ሥራ ሁሉ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። አሥር አለቃው ፎቶ ቤቱ ገና እንደተከፈተ ሰሞን ጨርቁን ሳያይ ሻይ ይዞ ገባ። የአንድ ኮሎኔል ልጅ የሠርግ ፎቶ በሙሉ ጠፋ። ሙሽሪት አለቀሰች፣ ኮሎኔሉ ፎከረ፤ ባለፎቶውም ቤት ሙሉ ሰው ባለበት አባቱን፣ «ዕድሜህን ሙሉ ወታደር ሆነህ አንዲት ትእዛዝ መጠበቅ ያቅትሃል?» አለው።

ይህች ቃል አጥንቱ ውስጥ ገባች። ከዚያ ወዲያ ወንበሩን ከጨለማው ክፍል በር አጠገብ አደረገ። ጨርቁ በተሰቀለ ቁጥር እንደ ጦር ካምፕ ዘብ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። የልጅ ልጁ ወድቃ አፍንጫዋ ሲደማ «አባቴን ጥራልኝ» ብላ አልቅሳ፣ «ጨርቁ ሲወርድ» ብሏታል። ምራቱ ስትቆጣው ኮርቶ ነበር።

ያን ዕለት ቀላሚዋ የታጠቡ ሥዕሎች ልታመጣ ወደ ጨለማው ክፍል ገባች። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ነው። ጥቂት ቆይቶ ባለፎቶው በሩን ገርበብ አድርጎ እጁን አወጣና ጨርቁን ሰቀለ። ሽማግሌው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ፎቶ ሊነሣ ተራ የሚጠብቅ አንድ ወታደር አግዳሚው ላይ ነበር፤ ሌላ ማንም አልነበረም። ከዚያ ጠርሙስ ወድቆ ሲሰበር ተሰማ። ከዚያ የሴት ድምፅ ተሰማ።

ወታደሩ ብድግ አለ። «አባት፣ ምንድን ነው እሱ?»

«ጠርሙስ ነው» አለው አሥር አለቃው።

«ሰው ነው እንጂ!»

«ቀይ ጨርቅ ተሰቅሏል። በሩ አይከፈትም። ተቀመጥ!» ይህን ያለው በድሮው የአለቃ ድምፁ ነው። ወታደር አይደል፣ ተቀመጠ።

በኋላ በሩ ተከፍቶ ሴትዮዋ ስትወጣ ሽማግሌው ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ። ያያቸው እግሮቿን ብቻ ነው፤ አንዱ ባዶ ነበር። ወጥታ ሄደች። ባለፎቶውም ትንሽ ቆይቶ ወጣ፤ ጨርቁን አውርዶ፣ ፀጉሩን በእጁ አስተካክሎ፣ «የሚቀጥለው ማነው?» አለ። ወታደሩ ተነሣና ገባ፤ ፎቶውን ተነሣ፤ በማግሥቱም ከጦሩ ጋር በባቡር ሄደ። አሥር አለቃው ስለዚህ ወታደር ለነገረ ፈጁ ትንፍሽ አላለም። ነገረ ፈጁም «ሌላ ሰው ነበር?» ብሎ ሲጠይቀው «የለም» ብሎ ራሱን ነቅንቋል።

ጋሪው ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመ። ነገረ ፈጁ ቀድሞ ወርዶ እጁን ሰጠው፤ ልጁም ከኋላ ክንዱን ደገፈው። ሽማግሌው ሜዳሊያዎቹ ሲንቀጫቀጩ ሰማ። ደረጃው ላይ የቆሙ ሰዎች መንገድ ለቀቁለት፤ አንዱ ኮፍያውን አነሣለት። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ምንኛ በወደደ!

መተላለፊያው ረጅምና ጠባብ ነው። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ነጭ ተቀብቷል። ከመርማሪ ዳኛው ክፍል ፊት ለፊት አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። አግዳሚው ላይ ቀላሚዋና አክስቷ ተቀምጠዋል።

ፖሊሱ ወዲያው ባለፎቶውን ወደ መተላለፊያው ሌላ ጫፍ ወሰደው። እሷ ወደዚያ ዞራ አላየችም። ፊቷ ከስቷል፤ ጣቶቿ ጥፍር ሥር ግን ትንሽ ሰማያዊ ቀለም አሁንም አለ። ሽማግሌውን ስታይ ተነሣች። ተነሥታም ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ ጮክ አለች፤

«አባባ! ደህና ነዎት? ይቀመጡ!»

አክስትየዋ ልብሷን ያዘቻት። «ምን ሆነሻል አንቺ? ከነዚህ ሰዎች ጋር ምን ያነጋግርሻል?»

«አክስቴ፣ እሳቸው ምን አደረጉ? አይሰሙም እኮ!»

አሥር አለቃው መቀመጥም መቆምም አልቻለም። በዚያ ቤት ውስጥ እሷ ብቻ ነበረች እንደ ሰው የምታዋራው። ባለፈው ዓመት፣ በሜዳሊያ ያጌጠውን የድሮ ፎቶውን ስታቀልምለት፣ የእያንዳንዱን ሪባን ቀለም እየጠየቀች ግማሽ ቀን አጠገቡ ተቀምጣለች። «ይሄኛው አረንጓዴ ነው ቢጫ? አባባ፣ ይሄኛውን የት አገኙት?» እሱም የት እንዳገኘው ነግሯታል፤ ለልጁ ያልነገረውን ሁሉ ነግሯታል። እሷ ትጮኻለች፣ እሱ የማይሰማ መስሎ ደጋግማ እንድትጠይቀው ያደርጋታል። ደጋግማ ስትጠይቀው ደስ ይለው ነበር።

«አሥር አለቃ» አለ ነገረ ፈጁ፣ ክንዱን ይዞ። «ተጠርተዋል።»

የመርማሪ ዳኛው ክፍል ትንሽ ነው፤ የጽሕፈት መኪና፣ የቀለም ዕቃ፣ ግድግዳ ላይ የቆመ ሰዓት። ጸሐፊው ጥግ ላይ ተቀምጦ ወረቀት ያስገባል። ነገረ ፈጁ ሕጉ እንደሚያዘው አፉን ዘግቶ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ዳኛው ሽበት የጀመረው፣ ትሑት ሰው ነበር። ሽማግሌው ሲገባ ተነሥቶ ወንበር አቀረበለት። ሜዳሊያዎቹን አየ፤ ከዚያም መዝገቡን ገለጥ አደረገና፣ ከዚያ ጨዋ ፊት ይወጣል ተብሎ በማይጠበቅ ድምፅ ጮኸ፤

«አሥር አለቃ! በደንብ እንደማይሰሙ! አውቃለሁ! ጮክ ብዬ ነው የምናገረው! ይሰማዎታል?»

ነገረ ፈጁ ፈገግታውን በመሀረቡ ሸፈነ። እሱ ሳይለምን ዳኛው ራሱ ተቀብሎታል። አሥር አለቃው ራሱን ነቀነቀ። ይህን የሚያህል ጩኸት መተላለፊያው ሁሉ እንደሚሰማው አሰበና አንገቱ ጋለ።

«ማንም እንዲያስጨንቅዎት አልፈልግም! ከሳሿ ራሷ የሰጠችውን ቃል ላንብብልዎት! እርስዎ እውነት ነው ካሉ ይበቃል! ወደ ቤትዎ ይሄዳሉ!» ዳኛው መነጽሩን አደረገ። «እንዲህ ትላለች! ‹ጮኽኩ። አባቱ ውጭ ተቀምጠው ነበር። ነገር ግን እሳቸው አይሰሙም፤ ጆሯቸውን መድፍ ወስዶታል። ሰምተው ቢሆን ኖሮ በሩን ሰብረው ይገቡ ነበር። እኔ አውቃቸዋለሁ። በእሳቸው ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም።› ይህ እውነት ነው?»

ነገሩ እንዲህ ቀለለ። ምንም አዲስ ውሸት መናገር አያስፈልገውም፤ አዎ ማለት ብቻ ነው። ነገረ ፈጁ መስኮቱ ሥር እንደ ጠገበ ሰው ተመቻችቶ ተቀመጠ። ልጁ ከእስር ሊተርፍ አንድ ቃል ቀረው። የልጅ ልጆቹ ቤት አንድ ቃል ቀረው። እሷም ብትሆን ይህን ቃል ነው የምትፈልገው፤ ያ ሽማግሌ አልሰማም ብላ ታምናለች፤ ይህ እምነት ሳያጽናናት አይቀርም። አዎ ቢል ማን ይጎዳል?

በሩን ሰብረው ይገቡ ነበር። እኔ አውቃቸዋለሁ።

አሥር አለቃው በዕድሜው ብዙ ጊዜ አፍሯል፤ ከጦር ሜዳ ሸሽቶ ያውቃል፣ ሌሎች ፊት በልጁ ተሰድቧል። እንዲህ ያለ ኀፍረት ግን አያውቅም። ፊቱ ብቻ አይደለም የጋለው፤ የለበሰው ካፖርት፣ ሜዳሊያው፣ የተቀመጠበት ወንበር ሁሉ የሰረቀው መሰለው። ልጅቷ በውሸት ስም አክብራው ተቀምጣለች፤ እሱ ደግሞ በዚያ ክብር ሊገድላት ነው።

ዳኛው ያልሰማው መስሎት ጎንበስ ብሎ ይበልጥ ጮኸ፤ «ይህ እውነት ነው ወይ? አሥር አለቃ!»

«አይጩኹ፣ ጌታዬ» አለ ሽማግሌው። «እሰማለሁ።»

የጽሕፈት መኪናው ቆመ። ነገረ ፈጁ ሳለ፤ ከዚያ ደግሞ ሳለ።

«በቀኝ ጆሮዬ በደንብ እሰማለሁ። ያን ቀንም ሰምቻለሁ።»

ዳኛው መነጽሩን አወለቀ። ድምፁ አሁን ዝቅ ብሏል። «ምን ሰሙ?»

«ጠርሙስ ሲሰበር። ከዚያ እሷ ስትጮህ። ተወኝ ስትል። አንድ ወታደር ነበር፤ ተነሣ። ተቀመጥ አልኩት። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት። ባላስቀምጠው ኖሮ ይከፍት ነበር።»

አንዲት ቃል አስቀረ። ሊላት ጉሮሮው ድረስ መጣችና እዚያው ቀረች። ለልጁ አስቦ አይደለም ያስቀራት።

«ለምን አልከፈቱም?»

«ቀይ ጨርቅ ተሰቅሎ ነበር።» ይህን ሲናገር ምን ያህል አስቀያሚ እንደሆነ በራሱ ጆሮ ሰማው። ጸሐፊው ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ አድርጎ ቀረ። «ጨርቁ ብቻ አይደለም፣ ጌታዬ። በሩን ብከፍት ማየቴ ነው። ልጄን ማየቴ ነው። ካላየሁ አልሆነም ብዬ ነው።»

«ነገረ ፈጅዎ ይህን ያውቃሉ?»

«አላወቁም። ጠይቀውኝ ነበር፤ ዋሸኋቸው።»

ይህ እንኳ ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም፤ ግን ነገረ ፈጁን ማስገባት አልፈለገም። የተጻፈው ተነበበለት፤ ፈረመበት። ዳኛው ወረቀቱን መዝገቡ ውስጥ አስገባና ጸሐፊውን፣ «ለዐቃቤ ሕግ» አለው። ሽማግሌው ሲነሣ እንደ መጀመሪያው አልተነሣለትም።

በሩ ጋ ነገረ ፈጁ ጠበቀው። አልተቆጣም። የዕለቱን ድካም ሁሉ ፊቱ ላይ ይዞ ቆሟል።

«ልጅዎን አሳሰሩት» አለ በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ።»

«ነገም እኔው ነኝ የምቆምለት። ሥራዬ ነው። እርስዎን ደግሞ ምስክር ወንበር ላይ አስቀምጬ ላፋጥጥዎት ነው፤ እንዳይቀየሙኝ።»

«አልቀየምህም።»

መተላለፊያው ጫፍ ላይ ባለፎቶው የነገረ ፈጁን አረማመድ አይቶ ተነሣ። ፖሊሱ ትከሻውን ያዘው። «አባዬ?» አለ። «አባዬ፣ ምን አልካቸው?» ሽማግሌው ወደ እሱ ሊሄድ አንድ እግሩን አንሥቶ ነበር። ልጁ መልሱን ከፊቱ ላይ አነበበው መሰለኝ፣ አንድም ቃል ሳይጨምር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ፖሊሱ በጎን በር ይዞት ገባ።

አግዳሚው ላይ አክስትየዋ ዕቃቸውን እየሰበሰበች ነው። የዳኛው ጩኸት እስከ እነሱ ድረስ ደርሶ ነበር፤ የሽማግሌው መልስ ግን አልደረሰም። ቀላሚዋ ቀረብ አለች። ለሱ ማዘኗ ዓይኖቿ ላይ ይታይ ነበር።

«አባባ!» አለች ጮክ ብላ። «አስጨነቁዎት? እኔ ነግሬያቸዋለሁ እኮ፣ እንደማይሰሙ!»

«አትጩኺ፣ ልጄ» አለ። «እሰማለሁ።»

መጀመሪያ አልገባትም። ፈገግ ልትል ሞከረች፤ እንደ ድሮው የሚቀልድ መስሏት ይሆናል። ከዚያ ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ ቀስ እያለ ሞተ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ያን ቀንም?»

«ያን ቀንም። አሁን ለዳኛው ነግሬያለሁ። ሁሉንም ነግሬያለሁ።»

ሁሉንም አልነገረም፤ ያስቀራት ቃል ጉሮሮው ላይ ነበረች። ልጅቷ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ሜዳሊያዎቹን ሳይሆን ጆሮውን ነበር የምታየው። በመጨረሻ ስትናገር ድምፅዋ ከዚያ በፊት ሰምቶት የማያውቀው፣ ለሚሰማ ሰው የሚነገር ዝቅ ያለ ድምፅ ነበር።

«ከውስጥ ሆኜ አባባ ብዬ ስጠራዎትም?»

«ስትጠሪኝም» አለ።